መጀመሪያ ደጇን አንኳኳ

ልጄ፣

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ ሰው ሰብስበህ ስትሰብክ ሰምቼሃለሁ። አንደበተ ርቱዕ ነህ፤ ስደተኛው ሁሉ ናፍቆቱን የሚረሳው አንተ ዘንድ ነበር። ከኋላ የምትቀመጠው፣ መንገድ ዳር ቡና አፍልታ የምታድረው እህታችን ግን ዕቁብ ሲወጣላት ያበደረችህን ገንዘብ እስከ ዛሬ አላገኘችም። ስትጠይቅህ «እኔ ከአምላኬ ጋር ታርቄያለሁ» ብለሃት አለፍክ። ከእሷ ጋርስ?

አንድ የሩቅ ሰው ታሪክ ላጫውትህ። ኦርሰን ሃይድ ከመጀመሪያዎቹ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ሐዋርያት አንዱ ነበር። አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ሞርሞኖችና ጎረቤቶቻቸው ጦር ሲማዘዙ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 24 ቀን 1838፣ ከሌላው ሐዋርያ ከቶማስ ማርሽ ጋር ሆኖ በገዛ ወገኖቹ ላይ በመሐላ መሰከረ። መሪያቸው ጆሴፍ ስሚዝ ብዙም ሳይቆይ ታሰረ። ሃይድ ተጸጸተ፤ በ1839 የካዳቸው ሰዎች ፊት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ፤ እነሱም ማሩት። ለታላቁ የኢየሩሳሌም ተልእኮ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። በ1841፣ ያ ምስክርነት በተሰጠ ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ኦክቶበር 24 ቀን፣ ኢየሩሳሌም ደብረ ዘይት ላይ ቆሞ ጸለየ።

ምሕረቱ ግን ሁሉን አልመለሰለትም። በ1875 የያኔው መሪ ብሪገም ያንግ የሐዋርያቱን ቅደም ተከተል ሲያስተካክል፣ በዚያ ጥፋት ሰበብ ሃይድን ዝቅ አደረገው፤ የመሪነቱም ተራ ለሌላው ሐዋርያ ለጆን ቴይለር ሆነ።

በእኛም አገር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ፊት ይወድቃል፤ ድንጋዩ የሚወርደው ተበዳዩ «ማርኩህ» ሲል ነው። አንተ ገና ሳትሸከም ነው ያወረድከው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ የዴም ሰው ተበትኗል። እህታችንም ገዳሪፍ ትሆናለች፣ ወይ በመተማ አገር ቤት ገብታ ይሆናል። ሰው ልከህ አፈላልጋት። ስታገኛት ጥቅስ አትጥቀስ፣ ጦርነቱንም ሰበብ አታድርግ፤ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» በላት። የሱዳን ገንዘብ ረክሷልና፣ ያኔ ይገዛ በነበረው ልክ ክፈላት። ካልሞላልህ ያለህን ሰጥተህ ለቀረው ሽማግሌ ፊት ቀን ቁረጥ። ይቅር ባትልህም ገንዘቡ የእሷ ነውና ከፍለህ ተመለስ። ይቅር ካለችህ ደግሞ «መድረኬን መልሱልኝ» ብለህ አትደራደር። ሰው ሲያምንህ ራሱ ይጠራሃል፤ ካልጠራህም ከኋላ ተቀምጠህ ስማ።