ለብልህ አይነግሩም?

«ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» እንላለን። ተረቱ አድማጩን ያከብራል፤ ግማሹን ሰምቶ ሙሉውን ይረዳል ብሎ ያምነዋል። ቅኔ የሚወድ ማኅበረሰብ እንዲህ ቢል አይገርምም። ግን እስቲ እንጠይቅ፦ ብልሁ ሳይነገረው የሚገባው ለምንድን ነው? አእምሮው ስለሰላ ብቻ? አይመስለኝም። ከእኛ ጋር ስላደገና ልማዳችንን ስለሚያውቅ ጭምር ነው። ያንኑ ብልህ ልማዱን ከማያውቀው አገር ብታስቀምጡት፣ እንደማንኛችንም መንገድ ጠያቂ ይሆናል።

ይህ የቆየ ጉዳይ ዛሬ ባልተጠበቀ በር ተመልሶ መጥቷል፤ በሶፍትዌር በር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄ ከመመለስ አልፎ ሥራ እየተላከ ነው። ቀጠሮ ይይዛል፣ ፋይል ይሰርዛል፣ ክፍያ ይልካል። እንዲህ የሚላከውን «ወኪል» እንበለው። ወኪሉ የሚሠራው ሰዎች ባዘጋጁለት መሣሪያ ነው። ለምሳሌ አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ባደረገው «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» አሠራር፣ አንድ መሣሪያ ለወኪሉ የሚቀርበው በስሙ፣ ምን እንደሚሠራ በሚናገር መግለጫ፣ ምን መረጃ እንደሚቀበል በሚዘረዝር ቅጽ ነው። ወኪሉ አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያውን ውስጥ አያይም። የሚያየው የተጻፈለትን ነው።

እንበል አንድ ፕሮግራመር የክሊኒክ ቀጠሮ የሚይዝ መሣሪያ ሠራ። መግለጫው ላይ «ቀንና ሰዓት ያስገቡ» ብሎ ጻፈ፤ በቃ። አዲስ አበባ የሚኖሩ አንዲት እናት ወኪሉን «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ያዝልኝ» አሉት። እሳቸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለታቸው ነው፤ ፈረንጅ ዘጠኝ የሚለውን። ወኪሉ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት አድርጎ አስገባው፤ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። ክሊኒኩ ያኔም ክፍት ስለሆነ መሣሪያው «ተይዟል» ብሎ መለሰ። እናትየው ጠዋት ሲደርሱ ስማቸው የለም።

ጥፋቱ የማን ነው? እሳቸው በአገራቸው ሰዓት በትክክል ተናግረዋል። መሣሪያውም እንደተሠራው ሠርቷል። «ወኪሉ ብልህ ከሆነ ለምን አልጠየቀም?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ መጠየቅ ነበረበት። ግን ለመጠየቅ መጀመሪያ የሚጠየቅ ነገር እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። «ሰዓት» የሚለው ቃል ሁለት አቆጣጠር መኖሩን አይናገርም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ጥያቄ የሚሆነው። ያልተጻፈ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ በብዙኃኑ ልማድ ይሞላል። አብዛኞቹ ሞዴሎች በብዛት ያነበቡት እንግሊዝኛ ነውና፣ ዝም ያልንበትን ሁሉ በዚያ ልማድ መሙላት ይቀናቸዋል። ስለዚህ የጸሐፊው ዝምታ ለሁሉም እኩል አይደለም። ሰዓቱ ከብዙኃኑ ጋር ለሚገጥም ሰው ዋጋ አያስከፍልም። ዋጋውን የሚከፍሉት ሰዓታቸው የተለየ ነው፤ አሥራ ሦስት ወር የሚቆጥሩት፣ በቤተሰብ ስም ፈንታ የአባት ስም የሚጽፉት።

አንድ የሚያሳፍርም ነገር አለ። ሶፍትዌር ሠሪዎች ዛሬ ለወኪል ብለው ግልጽ መግለጫ ለመጻፍ እየተጣደፉ ነው። ጥሩ ነው። ግን አዲስ የተቀጠረችው ወጣት ባለሙያ ያንኑ መግለጫ ፈልጋ ስታጣ «ኮዱን ከፍተሽ እዪው» ስትባል ኖራለች። ጎረቤቷን ጠይቃ፣ ተሳቅቃ፣ ገምታ ሥራውን ስለምትወጣው የጽሑፉ ጉድለት አይታይም ነበር። ወኪሉ የሚሳቀቅበት ጎረቤት ስለሌለው ጉድለቱን አደባባይ አወጣው።

መንገዱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ለትእዛዛቱ መግለጫ «ባግስ»፣ ማለትም ጉድለቶች፣ የሚል ክፍል አበጅቶ ነበር። መሣሪያውን የሠራው ሰው የራሱን ሥራ ነውር ራሱ ይጽፋል ማለት ነው። ለማያውቁት አንባቢ ከዚህ በላይ ክብር ያለ አይመስለኝም።

መጻፍ ብቻውን ግን አይበቃም። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችውን መንኮራኩር ሲያጣ፣ ሰነዱ ሜትሪክ መለኪያ ያዝዝ ነበር። ከምድር ቁጥሩን የሚያወጣው አንደኛው ሶፍትዌር ግን በእንግሊዝ መለኪያ ይልክ ነበር። ሰነድ ቃል መግባት ነው፤ ኮዱ ካልጠበቀው ሰነድ አለመኖሩ ይሻል ይሆናል።

ታዲያ መሣሪያ ሠሪው ምን ይጻፍ? የትኛውን ሰዓትና የትኛውን የቀን መቁጠሪያ እንደሚቀበል ይንገር፤ ምሳሌም ይስጥ። የማይሠራውን ይንገር። ከተደረገ በኋላ የማይመለሰው የቱ እንደሆነ ለይቶ ያስጠንቅቅ። መቼ ቆም ብሎ ሰውን መጠየቅ እንደሚገባ ይጻፍ። ያንንም በአጭሩ፤ የበዛ ወሬም ይደብቃልና።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለማሽኑ ብለን ነው? ማሽኑ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። ከማሽኑ ጀርባ የቆሙት እናት ግን ይጎዳሉ። እሳቸው መግለጫውን አያነቡትም፤ መኖሩንም አያውቁም። በማያዩት ጽሑፍ የሚዳኝ ሰው ካለ፣ ጽሑፉን የሚያየው ሰው ስለ እሱ ጭምር ማሰብ አለበት። ተረቱ ለቤተኞች ይቆየን። ለእንግዳ ግን፣ ብልህም ቢሆን፣ ይነገረው።