የለመደች ጦጣና የገዳሪፍ ማሳ

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር አጭርና ቤት የሚመታ በመሆኑ ከአፍ ለመውጣትም ሆነ በትውስታ ለመቆየት ይቀላል። መሸምጠጥ ማለት የእህልን ዛላ ከሥሩ በእጅ ጨብጦ ወደ ጫፍ በመሳብ ፍሬውን ባንድ ጊዜ ማርገፍ ሲሆን፣ ተረቱም አንዴ ማሳ ገብታ የቀመሰች ጦጣ ጠባቂ ቢጮኽባትና ወንጭፍ ቢወነጨፍባት እንኳ ተመልሳ መምጣቷን እንደማትተው ይናገራል። የሚተረተውም ብድሩን ሳይመልስ ሌላ ብድር በሚጠይቅ ዘመድ፣ ከድስት እየጨለፈ በሚበላ ልጅ፣ ይበልጡን ደግሞ ያለ እጅ መንሻ ጉዳይ በማይፈጽም ሹም ላይ ስለሆነ ዘወትር ወቀሳ አለበት፤ ማልዶ መነሳት የለመደን ሰው በዚህ ተረት የሚያመሰግን አይገኝም።

ወቀሳው የሚያርፈው በጦጣዋ ላይ ነው። «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» የሚለው ሌላው ተረትም እንዲሁ ጥፋቱን ከባለ ልማዱ ጋር ያስቀምጠዋል፤ ከገዛ ማዕዱ የሚሰርቅ ሰው ሌላ የሚያሳብበው ነገር የለውምና። ሆኖም የጦጣዋ ተረት በጥሞና ሲታይ ከወቀሳው ሥር ሌላ ዕውቀት ይዟል፦ ጦጣዋ የለመደችው ስለተሳካላት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ሣጥን ውስጥ የተዘጋባት ድመት በአጋጣሚ መክፈቻውን ነክታ ከወጣችና ምግብ ካገኘች በኋላ፣ ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር ለመውጣት የሚፈጅባት ጊዜ እያጠረ እንደሚሄድ አሳይቷል፤ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል የሚለው የውጤት ሕግም ከዚህ የመነጨ ነው። ገበሬው ይህን ያለ ሣጥን ደርሶበት ነበር፤ የተረቱ ድክመት ማሳውን ከተጠያቂነት ነፃ ማውጣቱና «ሁልጊዜ» ብሎ መደምደሙ ነው።

ይህን ድምዳሜ ለመፈተን ከመተማ ማዶ ከጋላባት ጀምሮ ገዳሪፍን አልፎ የሚዘረጋው የምሥራቅ ሱዳን ሜዳ ይመቻል። አፈሩ ዋልካ፣ ማለትም በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ ደርቆ በሰፊው የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው፤ በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ በትራክተር መታረስ ከጀመረ ወዲህም ገዳሪፍ ከሱዳን ዋነኛ የማሽላና የሰሊጥ ምድሮች አንዱ ሆኗል።

በዚሁ ምድር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ካላዛር በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር። ካላዛር ጣፊያንና ጉበትን የሚያሳብጥ፣ ሳይታከም ከቀረ በአብዛኛው የሚገድል በሽታ ሲሆን፣ ተሸካሚው የአሸዋ ዝንብ የሚባል፣ ከቢምቢ በእጅጉ የሚያንስና ሲበር ድምፅ የማይሰማ ነፍሳት ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በ155 መንደሮች 357 ሺህ የሚጠጋ በፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር ያከፋፈለ ሲሆን፣ በኋላ የተደረገው ግምገማ አጎበሩ በሽታውን መቀነሱን አረጋግጧል። ይኸው ግምገማ ግን ለልማድ ጥናት ከዚህ ይልቅ የሚጠቅም ነገር አስመዝግቧል፦ በዝናቡ ወራት ከመቶ 55 ያህል ሰው አጎበር ውስጥ ሲያድር፣ በሞቃቱ የበጋ ወራት ይህ ቁጥር ወደ 10 ዝቅ ይል ነበር፤ የአሸዋ ዝንቡ የሚነክሰው ግን በዚያው በሞቃቱ ወራት ነው። ክረምት ላይ ቢምቢ ጆሮ ሥር እየጮኸች እንቅልፍ ስለምትነሳ አጎበሩን የዘረጋ ሰው ዋጋውን እዚያው ሌሊት ያገኛል። በጋ ላይ ግን ሙቀቱ ሰውን ከቤት ያስወጣዋል፤ አንገረብ የተባለው የገመድ አልጋ በግቢ ይዘረጋል፣ ጨዋታው ይረዝማል፣ ዝንቡም ሳይሰማ ነክሶ ይሄዳል፤ ሕመሙ የሚታየው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሆነም ያን ሌሊትና ይህን ትኩሳት በስሜት የሚያገናኛቸው የለም።

ሰውየውም አጎበሩም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ወቅቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ልማዱ የቀረው በሰው ስንፍና ነው ማለት ያስቸግራል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ያሳተፈ አንድ የታወቀ ጥናት አዲስ ድርጊት ያለ ሐሳብ የሚፈጸም ልማድ እስኪሆን ከ18 እስከ 254 ቀን፣ መካከለኛው ግምት 66 ቀን እንደሚፈጅ አመልክቷል፤ ይህን ቁጥር እንደ ቀጠሮ የሚቆጥሩ መካሪዎች በዝተዋል። በገዳሪፍ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያሉት ዘጠና ያህል ሌሊቶች ግን አጎበርን የዓመት ልማድ ለማድረግ አልበቁም። ድርጊቱን የምትቀሰቅሰው ቢምቢ ስትሄድ ድርጊቱም አብሯት ሄዷል።

ከዚህ የተነሣ ጦጣዋን ከማሳው ብታርቃት ልማዷ ይተዋታል ብሎ መደምደም ይቻል ይሆን? ለዚህ የሚረዳ ማስረጃ ከሩቅ አገር ይገኛል፤ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሊ ሮቢንስ በቬትናም ጦርነት ሳሉ የሄሮይን ሱሰኛ ሆነው የነበሩ ወታደሮችን ተከታትላ፣ አገራቸው ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ከመቶ 5 ገደማ ብቻ መሆናቸውን አግኝታለች። የገዳሪፍ ስደተኞች ኑሮ ግን ነገሩን ቀላል አያደርገውም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለው የኡም ራኩባ የስደተኞች ጣቢያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ዳግም ሲቀበል፣ ሰዎቹ ቤትና ማሳ ጥለው ቢመጡም ቡናውን ከነጀበናው ቀጥለዋል። ይህ ጽናት ብዙ ጊዜ ለባህል ፍቅር ይሰጣል፤ ፍቅሩ ሐሰት ባይሆንም፣ በምሥራቅ ሱዳን ያለው ጎረቤትም ቡናውን በጀበና አፍልቶ ዝንጅብል ጨምሮ የሚጠጣ፣ ከሰሉም ሲኒውም በገበያ የሚገኝ መሆኑ አብሮ መቆጠር አለበት። ቡናው በአብዛኛው የራሱን ማሳ እዚያው አግኝቷል።

የእንጀራው ጉዳይ ከዚህ ይለያል፣ ተረቱም ድርሻውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ጤፍ በሌለበት እንጀራ ከማሽላ ይጋገራል፤ የሱዳኗ ጎረቤትም ኪስራ የተባለውን ስስ ቂጣ የምታወጣው ከቦካ የማሽላ ሊጥ ነው። ኢትዮጵያዊቷ ግን ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መካከል ስትቋጨው፣ ሱዳናዊቷ መካከል ላይ ጨልፋ ከዘንባባ በተቆረጠ ስስ ዝርግ ወደ ዳር እየገፋች ታሳሳዋለች። እህሉ አንድ፣ እሳቱ አንድ ሆኖ ሳለ እጅ የለመደውን ይሠራል፤ ድንበር መሻገሩም ሆነ የራሽኑ እህል መለወጡ ይህን የእጅ ዙር አላስተወም። እንግዲህ «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ለእጅ ሙያ የሚሠራውን ያህል ለአጎበር አይሠራም።

ልማድ ማሳውን ራሱን የሚያበላሽበት ጊዜም አለ፤ ተረቱ ይህን አላሰበውም። በገዳሪፍ ሰፋፊ እርሻዎች ማሽላ በማሽላ ላይ ለዓመታት ሲዘራ አቀንጭራ ይነግሣል። አቀንጭራ በእህል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ ጥገኛ አረም ሲሆን፣ አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያራግፋል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ የሚበቅለው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ሰሊጥን እያፈራረቁ መዝራት ክምችቱን እንደሚቀንስ ባለ እርሻው አያጣውም፤ ያለማወቅ ጉዳይ አይደለም። ማሽላ በማሽን ሊታጨድ ይችላል፤ ሰሊጥ ግን ቆቡ ደርቆ ሳይከፈትና ፍሬው ሳይረግፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጅ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ በሚባለው ክምር መቆም ይኖርበታል። ይህ ደግሞ ከጎንደርና ከአካባቢው በመተማ በኩል የሚሻገር ብዙ ሠራተኛ ይፈልጋል። ድንበሩ ሲዘጋ ወይም ግጭት ሲነሣ ሠራተኛው ስለማይመጣ ባለ እርሻው ወደ ማሽላው ይመለሳል፤ በጥቅምት ለአጨዳ የሚሻገር ሰው መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ «ለምን አታፈራርቅም» ብሎ እሱን መውቀስም ጦጣዋን ብቻ ማየት ነው።