የጋራ ስፍራ የማን ነው?

ደጁ ለሁሉ ተከፍቶ ሳለ የማይገባ ሰው ቢገኝ፥ ጥፋቱ የማን ነው? ነገሩን ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው፥ «ማንም አልከለከለውም፤ ያልገባው ስላልወደደ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ይህ ፍርድ የችኮላ ፍርድ መሆኑን በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ከሆነው ነገር እንረዳለን።

በዚያች ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. የሕዝብ መናፈሻዎችን የመረመሩ ሰዎች፥ ሴቶች ልጆች 9 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከመናፈሻው እየጎደሉ እንደሚሄዱ፥ ወንዶቹ ግን እንደ ቀድሞው እንደሚመጡ አስተዋሉ። ሕግ አልከለከላቸውም፤ ዘበኛም አልመለሳቸውም። ዳሩ ግን ሜዳው አንድ ወጥ ስለ ነበረ ኳስ የሚጫወቱት ብርቱዎች ያዙት፤ ለቀሩትም ስፍራ አልተረፈም። ስለዚህ በ1999 ዓ.ም. ማርጋሬተን በሚባለው ክፍል ሁለት መናፈሻዎች እንደ ገና ተሠሩ። ሰፊውን ሜዳ በተክል ከፋፈሉት፤ የእግር መንገድና መብራት ጨመሩ፤ ለሌላም ዓይነት ጨዋታ ቦታ አበጁ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ልጆች ተመለሱ፤ ወንዶቹም አልተባረሩም።

ደግሞ በዚያችው ከተማ፥ በፍሎሪድስዶርፍ፥ ሴቶች መሐንዲሶች ንድፉን ያወጡለት የ357 ቤቶች ሰፈር በ1997 ዓ.ም. ተፈጸመ። ደረጃው ሰፊና ብርሃን የሚገባው ነው፤ የማድ ቤቱ መስኮት ልጆች ወደሚጫወቱበት ግቢ ይመለከታል፤ የሕፃናት መዋያውም ከዚያው ከሰፈሩ ውስጥ ነው።

ምናልባት፥ «ለአንዱ ማሰብ ለሌላው ማዳላት አይሆንምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም መልሰን፥ ቀድሞስ አድልዎ አልነበረምን? ብለን እንጠይቃለን። ጨርቅ በክንድ ሲለካ የለኪው ክንድ ማጠርና መርዘም አንዱን እንደሚጠቅም፥ ሌላውንም እንደሚጎዳ ገበያተኛ ሁሉ ያውቃል። ቤትና አደባባይ የሚሠራውም ሰው ክፋት ሳያስብ ሁሉን በራሱ ክንድ ይለካል። ልጅ ያዘለችውን፥ እንስራ የተሸከመችውን፥ ሲመሽ ከሥራ የምትመለሰውን ሳይጠይቅ ይሠራና፥ «ለሁሉ ሠራሁ» ይላል። እንዲህ ያለው በደል ከክፋት ስለማይመነጭ በዳዩም አይጸጸትበትም፤ ተበዳዩም ከሳሽ ሆኖ አይቆምም፤ ዝም ብሎ ይቀራል እንጂ።

እንግዲህ በየከተማው ፎቅና አደባባይ የምታሠሩ ሆይ፥ ደጅን መክፈት የፍትሕ መጀመሪያ ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። የገባውን መቁጠር ለማንም ቀላል ነው፤ የፍትሕ ሰው ግን የጎደለው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል።