ቃል ያልወጣለትን ሕፃን ስለ ማስተማር

ሰውን ማስተማር ክቡር ሥራ ነው፤ ሰውን እንደ ፈቀዱት ቀርጾ ማውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው። በሁለቱም አስተማሪና ተማሪ፣ ምስጋናና ተግሣጽ ስላሉባቸው ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ፍጻሜያቸው ሲመረመር ነው፤ የማስተማር ፍጻሜ የተማሪው ጥቅም ሲሆን፣ የመቅረጽ ፍጻሜ የቀራጩ ደስታ ነው። ይህን ልዩነት ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው ኦቲዝም ስላለባቸው ሕፃናትና እነርሱን ለማስተማር ስለ ተነሣው ጥበብ ነው።

በ1943 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ፣ የመረመራቸውን የ11 ሕፃናት ነገር ጽፎ አወጣ። ሕፃናቱ ብቻቸውን መሆንን የሚመርጡ፣ ከፊሎቹ ከቶ የማይናገሩ፣ ከሚናገሩትም ብዙዎቹ የሰሙትን ቃል መልሰው የሚደግሙ፣ የለመዱት ሥርዓት ሲለወጥ እጅግ የሚጨነቁ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሊቃውንት ምክንያቱን በእናት ላይ ጣሉት፤ እናቲቱ ፍቅር ስለ ነሣችው ልጁ ወደ ውስጥ ሸሸ ተባለ። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳብ በሰፊው ነዛው። ነገር ግን ራሱ የእንዲህ ያለ ልጅ አባት የነበረው የሥነ ልቡና ሊቅ በርናርድ ሪምላንድ፣ ነገሩ ከአእምሮ አፈጣጠር እንጂ ከእናት ፍቅር ማጣት እንዳልመጣ አስቀድሞ በ1964 ዓ.ም. ጽፎ ነበር፤ የኋላው ምርምርም የእናቶችን ንጽሕና አጸና። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ጌታችንን ጠይቀው የተሰጣቸውን መልስ የሚያስታውስ ሁሉ፣ በልጅ ጕዳት የወላጅን በደል መፈለግ ምን ያህል የቈየ ስሕተት እንደ ሆነ ያስተውላል።

ልጁን ማን ጐዳው ከማለት ይልቅ ልጁን እንዴት እናስተምረው የሚለውን ጥያቄ ያስቀደሙት የጠባይ ተመራማሪዎች ናቸው። መሠረቱን የጣለው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በአይጥና በርግብ ላይ ባደረገው ምርምር፣ መልካም ነገር የተከተለው ሥራ እንደሚደጋገም፣ ምንም ያልተከተለው ሥራ ግን እየቀረ እንደሚሄድ አሳየ። በ1964 ዓ.ም. ሞንትሮዝ ዎልፍና ባልንጀሮቹ በዚሁ ሕግ ተመርተው ስለ ረዱት የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ጻፉ። ልጁ የዐይኑ ሌንስ በሕክምና ስለ ወጣ መነጽር ካላደረገ የዐይኑን ብርሃን ሊያጣ ነበር፤ መነጽሩን ግን አይቀበልም። እነርሱም መጀመሪያ ክፈፉን ስለ ያዘ፣ ቀጥሎ ወደ ዐይኑ ስላቀረበው ጥቂት ምግብ እየሰጡ፣ በመጨረሻ መነጽሩን አድርጎ እንዲውል አበቁት። በ1968 ዓ.ም. አፕላይድ ቢሄቪየር አናሊሲስ የተባለው ይህ ጥበብ የራሱን የምርምር መጽሔት አቆመ። መንገዱም ትልቁን ትምህርት በጥቃቅን ከፍሎ ማስተማር፣ ልጁ ሲሳካለት ወዲያው ደስ ማሰኘት፣ ርዳታውን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ውጤቱንም በየቀኑ ቈጥሮ መጻፍ ነው። ከፊደል ቈጠራ አንሥቶ በግዕዝና በውርድ ንባብ አሳልፎ ዳዊት ለሚያደርስ መምህር ይህ መንገድ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

የዚህ ጥበብ ስም የገነነው በ1987 ዓ.ም. ነው። በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኢቫር ሎቫስ ከ4 ዓመት በታች የጀመሩ 19 ሕፃናትን በሳምንት 40 ሰዓት ያህል፣ ለሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ አስተማረ፤ ከእነርሱም 9ኙ በማንኛውም ትምህርት ቤት እንደ እኩዮቻቸው ለመማር እንደ በቁ ጻፈ። ወላጆች ይህን ሰምተው ተስፋ አደረጉ። ሌሎች ሊቃውንት ግን ሕፃናቱ በዕጣ ስላልተመደቡ ውጤቱ በጥንቃቄ ይታይ አሉ። በ2018 ዓ.ም. የወጣ አንድ የምርምሮች መመርመሪያም በጠቅላላው 219 ሕፃናት የነበሩባቸውን 5 ጥናቶች አመዛዝኖ፣ ትምህርቱ አንዳንድ ጥቅም እንደሚሰጥ፣ ማስረጃው ግን ደካማ እንደ ሆነ ተናገረ። እንግዲህ ጥቅሙ እውነት ነው፤ ተአምር አድርጎ መስበክ ግን ለተጨነቀ ወላጅ ሐሰተኛ ተስፋ መሸጥ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ነገር ግን ስለ መንገዱ ነው። ይኸው ሎቫስ በ1965 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ጋራ ባወጣው ጽሑፍ፣ ሁለት መንታ ሕፃናት ወደ ሰው እንዲቀርቡ በኤሌክትሪክ ንዝረት እንደ ተቀጡ ተጽፎአል። በ1987ቱ ሥራም ጭን ላይ መምታት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ የጥበቡ ሰዎች ይህን ትተዋል። ነገር ግን በኦቲዝም አድገው ዛሬ ስለ ራሳቸው የሚናገሩ ሰዎች ዱላ በሌለበትም ቦታ ስለ ደረሰባቸው ይመሰክራሉ፤ ዐይን ለዐይን እንዲተያዩ ሲገደዱ፣ ለመረጋጋት የሚያወዛውዙትን እጃቸውን እንዲያቆሙ ሲታዘዙ፣ የተማሩት ራሳቸውን መሰወርን እንደ ነበረ ይናገራሉ።

ስለዚህ ሕፃንን በዋጋ ማቅናት ይገባልን? አንዳንዶች ሰውን እንደ እንስሳ መግራት ነው ብለው ፈጽመው ይነቅፉታል። እኛ ግን ይህን አንልም። ሰው ሥጋ አለውና በልማድ ይማራል፤ ሕፃን ምሥጢሩን ሳያውቅ አስቀድሞ ማማተብንና መስገድን በልማድ ያገኛል። አበውም እግዚአብሔርን የሚያገለግሉትን በሦስት ይከፍላሉ፤ ፈርቶ የሚያገለግል እንደ ባሪያ፣ ዋጋ ሽቶ የሚያገለግል እንደ ምንደኛ፣ ወዶ የሚያገለግል እንደ ልጅ ነው ይላሉ። ምንደኛነት መጀመሪያ ቢሆን ነውር የለበትም፤ መጨረሻ ሲሆን ግን ጐዶሎ ነው። እንዲሁም በዋጋ የሚያስተምር ሰው ሕፃኑን ወደ ፍቅርና ወደ ነፃነት የሚያደርሰው ከሆነ መልካም አደረገ፤ ታዛዥ አድርጎት በዚያ ቢያቆም ግን ከመንገድ አስቀረው።

የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት እንደ ሆነች ተምረናል። ታዲያ ቃል ያልወጣለት ሕፃን ነፍሱ ነባቢት አይደለችምን? ነባቢት ናት፤ ነባቢነቷ በነፍስ ባሕርይ እንጂ በምላስ ሥራ አይለካምና። ለዚህ አሳብ የሚስማማ ምስክር ከዚያው ጥበብ ተገኝቶአል። ቅጣትን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ብርቱ ምክንያት፣ ራሱን እስኪቈስል የሚመታ ሕፃን ዝም ተብሎ ይታያልን የሚል ነው። ብራየን ኢዋታና ባልንጀሮቹ በ1982 ዓ.ም. እንዲህ ያለው መምታት በየልጁ የተለየ ምክንያት እንዳለው በምርመራ አሳዩ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ፣ ልጆቹ ርዳታ ወይም የሰው ትኵረት የሚለምኑበት ቃል ሲያገኙ አስቸጋሪ ጠባያቸው እንደ ቀነሰ ጻፉ። እነሆ፣ ብዙ ጊዜ በጥፋት የተቈጠረው ጠባይ ልመና ኖሮአል! ያን ሕፃን መቅጣት ለማኝን ስለ ጮኸ መምታት ነው።

ከዚህ የተነሣ ለአስተማሪም ለወላጅም ሦስት ጥያቄ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የምናስተምረው ለማን ይጠቅማል? ውኃ መለመን፣ ሕመሙን ማመልከት፣ ከመኪና መንገድ መጠበቅ ለሕፃኑ ይጠቅመዋል፤ የእጁን መወዛወዝ ማስተው ግን ብዙ ጊዜ ለእኛ እፍረት ነው። ሁለተኛ፣ መንገዳችን ልጁ አፍ አውጥቶ ቢናገር በፊቱ የምናፍርበት ነውን? ሦስተኛ፣ እንቢታው ይሰማልን? እንቢ ማለት የማይፈቀድለት ሰው እሺታው ዋጋ የለውም፤ እንቢ ማለት ያልተማረ ልጅም ለክፉ ሰው የተጋለጠ ነው።

በአገራችንም ጕዳዩ ሩቅ አይደለም። ራሳቸው የእንዲህ ያለ ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማእከል አቋቁመው፣ በቤት ተሰውረው ይኖሩ ለነበሩ ልጆች በር ከፈቱ። እኛም በየአጥቢያችን ልንከፍተው የምንችለው በር አለ። በቅዳሴ ጊዜ የሚጮኽ ሕፃን ይዛ የቆመች እናት ብትኖር፣ ዞር ብሎ በዐይን ከመገሠጽ በአጠገቧ ቦታ መልቀቅ ይሻላል። ካህኑም እርግማን ነው የሚለውን የጎረቤት ወሬ በትምህርቱ ይገሥጽ፤ ልጁን ወደ ጸበል ያመጡትን ወላጆች ከጸሎቱ ጋራ ሐኪምንና መምህርን እንዲሹ ይምከር፤ ማንም እንዳያስረውና እንዳይመታው ይጠብቅ። ሕፃኑ ቃላችንን እስኪማር ድረስ እኛ አስቀድመን የርሱን ዝምታ ልንማር ይገባናል።