የሚያረጀውን ዕቃ ማን ይተካው?



ባለፈው ረመዳን አልቢ በሚገኘው የማኅበራችን ቤት ትልቁ ማቀዝቀዣ ሥራ አቆመ። ለማግስቱ ኢፍጣር የተዘጋጀው ሥጋ ተበላሸ። ከተራዊሕ በኋላ እንደተለመደው መዋጮ ተጠየቀ፤ አልሐምዱሊላህ ተገኘ፤ በ24,000 ክሮነር አዲስ ተገዛ። ገንዘብ ያዥ እንደመሆኔ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ማቀዝቀዣው 10 ዓመት ቢያገለግለን በየወሩ 200 ክሮነር እናስቀምጥ፤ ለ80 አባወራ ሲካፈል ሁለት ክሮነር ተኩል ነው።

አንዲት ወጣት እህት እጇን አነሣች። «ኪራይ መክፈል ያቃተው ቤተሰብ እያለ፣ ላልተበላሸ ዕቃ ገንዘብ ማስቀመጥ ተገቢ ነው?» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ያን ምሽት የረባ መልስ አልሰጠኋትም።

ግማሹን ጥያቄ ፊቅህ ራሱ ይመልሰዋል። ዘካ በቁርኣን የተዘረዘሩ ስምንት ባለመብቶች አሉት፤ ማቀዝቀዣ ከእነሱ አንዱ አይደለም። የዘካ ገንዘብ ለችግረኛው ይደርሳል እንጂ ለዕቃ መግዣ አይቀመጥም። የሚያከራክረው የአባልነት መዋጮና ሰደቃው ነው።

እዚህ ላይ የታየኝ ነገር አለ። ማቀዝቀዣው «አልተበላሸም» ስንል እየተበላሸ ነው። በእያንዳንዱ ኢፍጣር ከዕድሜው እንቀንሳለን። ዛሬ የተጠቀምንበትን ሳንከፍል ብንቀር፣ ከ10 ዓመት በኋላ ሒሳቡ የሚመጣው ያኔ እዚህ ለሚሰግዱት ልጆች ነው። ስለዚህ 200 ክሮነሩን ቁጠባ ማለት ይከብደኛል፤ ዕዳ ነው።

ወላጆቻችን ይህን በአገር ቤት ያውቁታል። በወሎ ቅሬ፣ በአዲስ አበባ እድር ድንኳን፣ ድስትና ወንበር አለው። ሰሃን የሰበረ ይተካል፤ ድንኳኑ ግን ሰባሪ የለውም፤ በፀሐይና በዝናብ ያልቃል፤ የሚተካውም ከወርኃዊው መዋጮ ነው። ሐዘን በመጣ ቀን «ድንኳን እንግዛ» ብሎ የሚሰበሰብ የለም።

የወቅፍ ሕግ ደግሞ የባሰ ያስገርማል። የሐነፊ ፉቀሃእ ከወቅፍ ገቢ መጀመሪያ የሚወጣው ለጥገናው ነው ይላሉ፤ ወቅፍ አድራጊው ባይናገረውም እንኳ። ድሀው የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ ነው። ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ጣሪያው የፈረሰ ቤት ኪራይ አያስገኝም፤ የዘንድሮውን ድሀ አብልቶ የሚመጣውን ዓመት ድሀ ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

አልቢን ራሱን ተመልከቱ። ሕንፃዎቹ ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 ሚሊዮን ቤት በሠራችበት ፕሮግራም ዘመን የተሠሩ ናቸው። በአንድ ጊዜ የተገጠመ ቧንቧ በአንድ ጊዜ ያረጃል። እንዲህ ባሉ ሰፈሮች እድሳት ሲመጣ ኪራይ ይጨምራል፤ የሚከፍለውም ዛሬ ያለው ተከራይ ነው። የ50 ዓመቱን ውኃ ግን ብቻውን አልጠጣም።

ሒሳብ የተማራችሁ «አቭስክሪቭኒንግ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ነገር ግን እሱ መዝገብ ላይ የዕቃውን ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ካዝና ውስጥ አንዲት ክሮነር አያስቀምጥም። ንግድ የጀመራችሁ ይህን ልብ በሉ፤ በመዝገብ ዜሮ የሆነ ምድጃ ገና ዳቦ ይጋግራል፤ የሞተ ቀን ግን መዝገቡ ሌላ አይገዛላችሁም።

እህታችን ግን የያዘችው እውነት አለ። 24,000 የሚበቃው ሳጥን 60,000 ከደረሰ ያ ማከማቸት ነው፤ ኪራይ ላቃተው ሰው ፊት የምናቀርበው ምክንያትም የለንም። ለድሀ ተብሎ የተሰጠን ወደ ዕቃ፣ ለዕቃ የተሰጠን ወደ ሌላ ማዞርም አማናን ማጉደል ነው። ይህን የፈታችው እሷ ራሷ ናት፦ ሳጥኑ ሁለት ይሁን፤ ሰጪው ሲሰጥ ለየትኛው እንደሆነ ይወቅ፤ የዕቃው ሳጥን ጣሪያ ይኑረው፤ ከጣሪያው ያለፈው ወደ ችግረኛው ይሂድ። ስብሰባው ተቀበለው። እኔ በበኩሌ ቀድሞ ባለማሰቤ አፈርኩ።

አሁን የችግረኞቹን ሳጥን የምትይዘው እሷ ናት። ማቀዝቀዣው ላይ የተገዛበትን ወርና ዓመት ጽፋ የለጠፈችውም እሷ ናት። ቀጥሎ የምንመዘግበው የውዱእ ቤቱን የውኃ ማሞቂያ ነው፤ መቼ እንደተገጠመ ግን ከእኛ የሚያስታውስ አልተገኘም። የሚያውቅ ወላጅ ያላችሁ ጠይቃችሁ ንገሩን።