መልካም ስምና ንጹሕ ውሃ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አበው። ይህ ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለከተማም ይሠራል፤ ከተማም ባፈራችው ትመሰገናለች፤ ባበላሸችው ትነቀፋለች። ታዲያ ስማችን ሲነቀፍ አስቀድመን ልንጠብቅ የሚገባን ስሙን ነው ወይስ ስሙን ያጎደፈውን ነገር ማረም?

በሰሜን አሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት የምትገኘው ክሊቭላንድ በብረት ሥራና በነዳጅ ዘይት የበለጸገች ከተማ ነበረች። መካከሏን አቋርጦ ወደ ኢሪ ሐይቅ የሚገባው የካያሆጋ ወንዝ ግን ከፋብሪካዎች በሚለቀቅ ዘይትና ቆሻሻ ተሸፍኖ ከ1868 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደጋግሞ በእሳት ተያይዟል። በ1912 የተነሣው ቃጠሎ አምስት ሰዎችን ገደለ፤ የ1952ቱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ንብረት አወደመ። ዓለም የሚያስታውሰው ግን ጁን 22 ቀን 1969 ተነሥቶ በግማሽ ሰዓት ያህል የጠፋውን አነስተኛ ቃጠሎ ነው። ታይም የተባለው መጽሔት ወሬውን ሲያወጣ ያተመው ፎቶግራፍም የ1952ቱ ነበር።

ይህ ለከተማይቱ ሰዎች በደል ሊመስል ይችላል። በእርግጥም ስለ ሌላው እውነት ያልሆነውን ማሳየት ስም ማጥፋት ነው። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የሌላ ቀን ቢሆን እንጂ የሌላ ወንዝ አልነበረም። ከንቲባው ካርል ስቶክስ በማግስቱ ጋዜጠኞችን ወደ ወንዙ ወስደው ጉዳቱን አሳዩ እንጂ አልሸሸጉም። ሕዝቡም ገና በ1968 ለወንዙ ጽዳት መቶ ሚሊዮን ዶላር በብድር እንዲገኝ በድምፁ ፈቅዶ ነበር። በ1972 አሜሪካ የውሃ ንጽሕና ሕግ አወጣች፤ በ2019ም ከካያሆጋ የሚጠመድ ዓሣ በመጠን ሊበላ እንደሚችል የክፍለ ግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስታወቀ። የከተማይቱን ስም ያደሰው የጠራው ውሃ እንጂ ሙግት አይደለም።

ጥፋት ሁልጊዜ በነበልባል አይገለጥም። በአዲስ አበባ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎችን ዝቃጭ ከመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ጋር ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በዚያው ውሃ አትክልት ይለማል። በኮምቦልቻም የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ቦርከና ይደርሳል። እሳት ስለማይታይ ሐፍረቱ አይታይም፤ ጉዳቱ ግን በታችኛው ገበሬ ማሳና ገበታ ላይ ያርፋል።

በቢቸናና በሞጣ ያለን ምእመናን «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ኢንዱስትሪ የለም፤ ነገሩ አይመለከተንም» እንል ይሆናል። ነገር ግን የማበላሸት አቅም ማጣት ንጽሕና አይደለም። ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ሙጋና ሱሃ እኛ ዘንድ አያበቁም፤ ወደ ዓባይ ወርደው ሱዳንንና ግብፅን ያጠጣሉ። ፌስታልና የተቃጠለ የመኪና ዘይት ወደ ወንዝ የሚጥል እጅ ከፋብሪካው ቧንቧ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ንጹሕ ውሃ ማግኘት የሰው ልጅ መሠረታዊ መብት መሆኑን አስተምረዋል። ስለዚህ ካቴኪስቶቻችን ስለ ባልንጀራ ፍቅር ሲያስተምሩ ከወንዙ በታች የሚኖረውን፣ ፊቱን የማናውቀውን ሰው ከባልንጀሮቻችን ይቍጠሩልን። ከተሞቻችን ሲያድጉ ፋብሪካ ይመጣል፤ ይምጣም፤ ወጣቶቻችን ሥራ ያሻቸዋል። በመጣ ጊዜ ግን አስቀድመን ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ እንጠይቅ። የሚነቅፈን ቢነሣም፣ ሥዕሉ የቆየ ነው ብለን ከመሟገታችን በፊት ወደ ወንዙ ወርደን እንይ።