ምጽዋት ዕዳን አይከፍልም

በዐቢይ ጾም በየቁምስናዎቻችን ለችግረኞች ገንዘብና እህል እንሰበስባለን፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ከምጽዋት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የምንሰጠው በእርግጥ የራሳችን ነውን? የሚለው ነው።

2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ሥራ ባወጣው ድንጋጌ፣ በፍትሕ የሚገባውን የፍቅር ስጦታ አስመስሎ ማቅረብ እንደማይገባ አስተምሯል። ደመወዟ ለተያዘባት የቤት ሠራተኛ በበዓል ቀን አሮጌ ቀሚስ ቢሰጣት ዕዳው አልተከፈለም።

«በደመወዙ ራሷ ተስማምታ የለምን?» የሚል አይታጣም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው ዓዋዲ መልእክታቸው ለዚህ መልስ ሰጥተዋል። ሠራተኛው ችግር አስገድዶት ከኑሮው በታች በሆነ ክፍያ ቢስማማ፣ ስምምነቱ ግፍን ፍትሕ አያደርገውም፤ የተፈጥሮ ፍትሕ ከውል ይቀድማልና።

ይህ ትምህርት ቤተ ክርስቲያንንም ይመለከታል። የ1971 እ.ኤ.አ. የጳጳሳት ሲኖዶስ፣ ስለ ፍትሕ የሚናገር ሁሉ አስቀድሞ በሰዎች ፊት ፍትሐዊ ሆኖ መገኘት እንዳለበት አሳስቧል። እንግዲህ የቁምስና ምክር ቤት ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ ከመወያየቱ በፊት፣ የቁምስናው ዘበኛና የጽዳት ሠራተኛ በሚከፈላቸው ቤተሰባቸውን ማኖር ይችሉ እንደሆነ ይጠይቅ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ ስናስተምር፣ የሌላውን ንብረት የሚወስደውን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛን ዋጋ የሚያስቀረውንም እናንሣ። ፍቅር ከፍትሕ በላይ ልትሄድ ትችላለች፤ ፍትሕን ዘልላ ግን አትሄድም።